አሮጌዋ ዲኤክስ እና የፊዚክስ ትምህርታችን

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ዲኤክስን ያውቃታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዛሬም በየግቢው እየተፈታች ትታደሳለች። ነገሩ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን መጠገን ነው።

ከባዱ ዝገት ነው። አንዳንዱ ሻጭ ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባበታል። ማግኔት ጠጋ ማድረግ ነው፦ ላሜራ ከሆነ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ካልተበየደ ክረምት ሲመጣ ቀለሙ ያብጣል።

ሞተሩ ግን ለእኛ ለመምህራን ይጠቅማል፤ ካርቡራተር እንጂ ኮምፒውተር የለውም። አልነሳ ካለ መጀመሪያ የካንዴላው እሳት ይታያል። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው፣ እሳቱ እንዲዘል ግን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? ፑንቲናው ሲከፈት በቦቢናው አንደኛ ጥቅል የሚሄደው ከረንት ድንገት ይቋረጣል፣ መግነጢሳዊ መስኩ ይጠፋል፣ ብዙ ዙር ባለው ሁለተኛው ጥቅል ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ክፍል ውስጥ በጠመኔ የምንስለው ኢንዳክሽን ይኸው ነው! ፑንቲናው ከጠቆረ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረግና ክፍተቱ ወደ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይስተካከላል።

እዚህ ቱነይድባ መኪና መፍታት አያስፈልገንም። ከገዳሪፍ ጋራዥ የተጣለ ግን የሚሠራ ቦቢና፣ አንድ ካንዴላና ባትሪ ለማሳያ ይበቃሉ። ገመዱን መምህሩ ብቻ ይያዝ፣ እሱም በባዶ እጁ አይደለም፤ ቤንዚንም አጠገቡ አይኑር።