እንግዳ የማይፈራ ልጅ፦ በውጭ አገር ለሕፃናት ስለሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ በዚህ ዓመት ከአንድም ሦስት ጊዜ የቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ በክረምቱ ወደ ሌላ አገር ተጉዘው በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለአራት ሳምንታት በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ካያያዙት ማመልከቻ እንደተረዳሁት ሁሉም ጉዞው ሕይወታቸውን እንደሚለውጠው ያምናሉ። መለወጡን አልጠራጠርም፤ እኔንም ለውጦኛል። የለወጠኝ ግን በጊዜው በጠበቅሁት መንገድ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ የዕረፍቱን ወራት (በእነርሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው) ሩማኒያ ውስጥ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ፣ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አሳለፍሁ። ስድስት ሳምንት ቆየሁ። የአገሩን ቋንቋ ከሃያ ቃላት በላይ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዕለት ገና ከበሩ ስገባ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሮጦ መጥቶ እግሬን አቀፈ፤ ከዚያም እንዳነሣው እጆቹን ዘረጋልኝ። ከዚያ በፊት ጥቁር ሰው በአካል አይቶ ስለ መሆኑ እጠራጠራለሁ። ቅንጣት ታህል አልፈራኝም። እኔም ፍቅር ነው አልሁ።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። ሰባት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። ታናሽ እህቴ የጻፈችላት መልስ ከምርቃቱ በኋላ አንዲት አጭር ጥያቄ ነበረችበት፤ «ልጁ እንግዳ አይፈራም እንዴ?» የምትል። ነገሩን የገጠር እናት የዋህነት አድርጌ አለፍሁት። እንግዳ ቤት ሲመጣ የእናቱ ቀሚስ ሥር ተደብቆ በአንድ ዓይኑ አሾልቆ የሚመለከት ልጅ ያላየ ማን አለ? እናቴ የጠየቀችው ስለዚያ ቀሚስ እንደ ነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ልጁ የሚጠራኝ በአንዲት ሴት ስም ነበር። መጀመሪያ ቃሉን አላወቅሁትም። ኋላ ከሞግዚቶቹ አንዷ እየሳቀች እንዳስረዳችኝ፣ ስሙ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የመጣች የአንዲት በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ልጁ ከእርሷ በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ሳይንሱ ልግባ። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት የ1951 ሪፖርት፣ ሕፃን ከአንድ ቋሚ አሳዳጊ ጋር የጠበቀና የማይቋረጥ ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አመለከቱ። እኛ «ቁርኝት» የምንለው ፅንሰ ሐሳብ ከዚያ በኋላ የዳበረ ነው። ባርባራ ቲዛርድ ደግሞ በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር ማሳደጊያዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። እነዚያ ማሳደጊያዎች ምግብም መጫወቻም መጽሐፍም የተሟላላቸው ነበሩ። የጎደለው የሚሰነብት ሰው ነው፤ አንድ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአማካይ 50 ያህል ሰዎች ተፈራርቀውበታል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ለማንኛውም ባዕድ ያለ ልክ የሚቀርቡ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያቅፉ ሆነው ተገኙ። ባሕርዩ ቤተሰብ ካገኙም በኋላ በበርካቶቹ ላይ ዘልቆ ታይቷል።

እኔ ፍቅር ያልሁት ይህንን ነበር። ልጁ መፍራትን ያልተማረው የሚሸሸግበት ሰው ስላልነበረው ነው።

ሩማኒያ ለምን እንደዚያ ሆነች ብሎ መጠየቅ ይገባል። በ1966 የቻውሼስኩ መንግሥት የሕዝቡን ቁጥር ለማሳደግ ድንጋጌ 770 በሚባለው ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ከለከለ። ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት አስረከቡ፤ ሥርዓቱ በ1989 ሲወድቅ በየተቋማቱ ከ100,000 በላይ ሕፃናት ተገኙ። አብዛኞቹ ወላጅ አልባ አልነበሩም። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከሚገኙ ማሳደጊያዎች 136 ሕፃናትን መርጠው፣ ግማሾቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲሄዱ አደረጉ። (በሕፃናት ላይ ዕጣ መጣል ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በክፍላችን ሁልጊዜ ያከራክረናል፤ መከራከራችሁንም አትተዉ።) በአደራ ቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ ዕድገትም በቁርኝትም በልጠው ተገኙ፤ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ሩማኒያም በ2004 ባወጣችው ሕግ፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካላቸው በቀር፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ወደ ተቋም እንዳይገቡ ከለከለች።

እስከዚህ ድረስ ስለ ልጆቹ ነው። የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ የቱ ላይ ነው? ካምቦዲያን እንመልከት። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የማሳደጊያዎቿ ቁጥር ከ154 ወደ 269 ደረሰ። በዚያ ዘመን ጦርነትም ወረርሽኝም ወላጆችን አልጨረሰም። የጨመረው የጎብኚው ቁጥር ነው፤ ከጎብኚውም ጋር ልገሳው። በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ልጆች ከአራቱ ሦስት ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ድሀ እናት ልጄ ይማርልኛል ብላ ትሰጣለች፤ ማሳደጊያው ልጁን ለእንግዳ ያሳያል፤ እንግዳው አዝኖ ይከፍላል። እዚህ ላይ ክፉ ሰው ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ ሲገኝ ግን ነገሩ ንግድ ይሆናል። አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ሕፃናትን ለዚህ ዓላማ ማዘዋወርን ከባርነት መልኮች እንደ አንዱ የቆጠረችው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ከአገር ወጥቶ ልጆችን ማገልገል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከታሪካችን ሁለት ምስክር አለኝ። በ1962 ወደ አገራችን የመጡት የሰላም ጓድ አባላት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጓል፤ ፈቃደኝነት ባይባልም። ብዙዎቹ መምህር ሆነው ሄዱ፤ ስለ ገጠሩ ያላቸው ግንዛቤም ተለውጦ ተመለሱ። ሁለቱም ቡድኖች ጊዜያቸው ሲያልቅ ከልጆቹ ተለይተዋል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ መምህር ሲሄድ ልጅ ያዝናል፣ ማታ ግን ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ስሄድ ያ ልጅ የሚገባበት ቤት አልነበረውም። እኔ ራሴ ለስድስት ሳምንት ቤት መስዬው ነበር።

በሄድሁበት ጠዋት አላለቀሰም። ከሌላ ሰው ጋር ይጫወት ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥ ይህ ቅር እንዳሰኘኝ አስታውሳለሁ፤ አለማልቀሱ እኔን ማሳነሱ ነበር የተሰማኝ። ከሁሉ ይልቅ የማፍርበት ስሜቴ ያ ነው። ለዶክትሬት ጥናቴ ይህን መስክ እንድመርጥ ያደረገኝም እርሱ ይመስለኛል፤ ያቀረብሁት ማመልከቻ ግን ሌላ ምክንያት ይናገር ነበር።

ወደ ደብዳቤዎቹ ልመለስ። ለሦስቱም አልጻፍሁም። ለእያንዳንዳቸው የሰጠኋቸው ሁለት ጥያቄዎችን ነው፦ እናንተ በወጣችሁ ማግሥት ልጁን ማታ የሚያስተኛው ማን ነው? እናንተ የምትከፍሉት የጉዞና የምዝገባ ገንዘብ ለአንዲት እናት ቢሰጥ፣ ልጇ ከቤቷ ሳይወጣ ስንት ወር ይቆያል? አንደኛው ተማሪ ተቀይሞኛል፤ በሌላ መምህር ደብዳቤ ሄዷል። ሁለተኛው አሳቡን ትቷል። ሦስተኛዋ ግን መልሱን ከድርጅቱ ጠይቃ፣ ያላጠገባትን ምላሽ ይዛ መጣች። አሁን በዚያው አገር ሞግዚቶችን በሚያሠለጥንና ልጆችን ወደ ዘመዶቻቸው በሚመልስ ሌላ ፕሮግራም ለመሥራት ትጻጻፋለች። ሥራዋ በአብዛኛው መዝገብ ማደራጀት ነው፤ ልጅ ማቀፍ የለበትም። ለእርሷ ደብዳቤውን ባለፈው ሐሙስ ፈርሜያለሁ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይክራፎኑ በመካከለኛው መተላለፊያ ነው።