ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13፦ መንገዱ አንድ አይደል እንዴ?

ባለፈው ክረምት አክስታችንን ወደ አሜሪካ ለመሸኘት ከሰበታ ወደ ቦሌ እየሄድን ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ሲነካካ ቆየና “እንዴ! ዋሽንግተን ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት ይላል። መንገዱ አንድ አይደል?” አለን። ማንም አልመለሰለትም፤ ሁላችንም የምናየው ሰዓታችንን ነበር።

ርቀቱማ አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት በአየር ቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ዳላስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም።

የሱሉልታ ልጆች ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ሯጮቻችን እዚያ ድረስ ሄደው የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ሰውነታቸው በጥቂት ኦክስጅን መሥራትን ይለምድና ዝቅ ያለ ከተማ ሲወዳደሩ ትንፋሽ ይተርፋቸዋል። አውሮፕላን ግን ስስ አየርን አይለምድም። ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። ተሳፋሪና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ነዳጁን ቀነስ አድርጎ መነሳትና መሀል ላይ አርፎ መሙላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ በተለያየ ጊዜ ሮምና ደብሊን ያርፍ የነበረው ለዚህ ነው። ሲመለስ ግን ከዳላስ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ንፋስም ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ሳያርፍ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ያኔ ሙሉ ጭነት ይዞ ሩቅ መብረር ይቀላል። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ዛሬ ቦሌ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ነው፤ ነገ ደግሞ እሱን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ መቀጠል ሊመጣ ነው። ከሰማይ የተረፈውን ሰዓት መሬት ላይ እንዳንበላው የእኛም መንገድ አብሮ ይታሰብ።

የአክስቴስ ነገር? ከሰበታ ቦሌ “30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃናል” ብለን ነበር የተነሳነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሻንጣዋን የተረከቧት መዝጊያው ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ በደንብ ሳንሰናበታት እየሮጠች ገባች።

እናንተም ለጉዞ ስትነሱ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ከቦሌ ሳይሆን ከቤታችሁ በር ጀምራችሁ።