የእሁድ ጉዞ ወደ የረር ተራራ

ቤትዎ በቦሌ ወይም በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ሰማዩ በጠራበት ጧት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከቱ የረር ተራራን ያዩታል። የረር እሳቱ ከጠፋ ረጅም ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ልጆችዎም «እማዬ፣ እዚያ ላይ መቼ እንወጣለን?» ብለው ሳይጠይቁዎ አይቀሩም።

ዳገት መውጣት ለኢትዮጵያ ሴት እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች የተራራን መንገድ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። የእሁዱ ጉዞ ግን ዕረፍት እንጂ ሌላ ሸክም መሆን የለበትም። ስለዚህ ዝግጅቱ ቅዳሜ ማታ ይጀመር፤ ሥራውም በእርስዎ ላይ ብቻ አይውደቅ። አባት ውኃውን ይቅዳ፣ ይሸከምም፤ ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ልጆች ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን ይቋጥሩ። አዲስ ጫማ እግር ይልጣልና የለመዱትን ያድርጉ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ሹራብ አይርሱ። የአካባቢውን ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ፤ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋርም ይሂዱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የሰዓት ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። ይህ ለብርቱ ተጓዥ ነው። ልጆች ካሉ ግማሹን ያህል ይጨምሩበት፤ ሁለት ሰዓት የተባለው ሦስት ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ ከቤት ሳትወጡ የመመለሻውን ሰዓት ቁረጡ። ስድስት ሰዓት ተብሎ ከተቆረጠ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ ፊታችሁን ወደ ቤት አዙሩ። ይህን መፈጸም ቀላል አይደለም። የተራራው ራስ ቅርብ መስሎ ይታያል፤ ትልቁ ልጅ «ትንሽ ብቻ ቀረን» ይላል፤ ባልም ይደግፈዋል። ነገር ግን ትንሿ ልጅ ደክሟታል። ቁልቁለት ደግሞ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈውም ሲወርድ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጨለማ ይመጣል። በዚህ ጊዜ «በቃ፣ እንመለስ» ማለት ፍርሃት አይደለም፤ ቤተሰብን መምራት ነው።

ደመና ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ሰዓቱን እንኳ አይጠብቁ፤ ከጫፉ ይውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥርም አይጠለሉ። ብርቱ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ችግር ለገጠመውም መፍትሔው መውረድ ነው።

ተራራው የትም አይሄድም። ዛሬ ግማሹን ወጥታችሁ በሰላም ከገባችሁ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከደጃፋችሁ ይጠብቃችኋል።