የቤት ኔትወርክ ችግር አፈላለግ እና የዕቃዎች ተስማሚነት

የቤት ኔትወርክ ችግር አፈላለግ ማለት በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ማተሚያዎች እርስ በርስ ወይም ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው ብልሽቱ የት እንዳለ ደረጃ በደረጃ ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው። የዕቃዎች ተስማሚነት ደግሞ ሁለት ዕቃዎች በኤሌክትሪክ፣ በመሰኪያ፣ በሬዲዮ ሞገድና በሶፍትዌር ተግባብተው መሥራት መቻላቸው ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣል ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከተሰካበት መስመር ጋር ያልተስማማ ብቻ ነው። ብልሽቱ ሌላ ቦታ ከሆነም አዲስ ዕቃ ገዝቶ መተካት ምንም አይለውጥም።

እንደ ወረኢሉና መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች ለምትክ ዕቃ ወይም ለጥገና እስከ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ብልሽቱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብም ቀንም ያድናል።

መሠረታዊ አካሄድ

መረጃ ከኢንተርኔት ተነሥቶ ኮምፒውተር ጋር እስኪደርስ በተከታታይ ቦታዎች ያልፋል፦ በአገልግሎት ሰጪው አውታር፣ ወደ ቤት በሚገባው መስመር፣ በሞደም፣ በራውተር፣ በኬብል ወይም በዋይፋይ፣ በመጨረሻም በኮምፒውተሩ በራሱ። ሞደም የውጭውን መስመር ምልክት ኮምፒውተር ወደሚረዳው መልክ ይለውጣል። ራውተር አንዱን ግንኙነት ለብዙ ዕቃዎች ያከፋፍላል። በአሁኑ ጊዜ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዕቃ ውስጥ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ በሁሉም ዕቃዎች ላይ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ?» የሚለው ነው። ስልክ በዚያው ዋይፋይ እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ ካልሠራ መስመሩና ራውተሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በኮምፒውተሩ ላይ ይፈለጋል። ሁሉም ካልሠሩ ፍለጋው ወደ ራውተሩና ወደ መስመሩ ይዞራል። ሁለተኛው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ኬብል፣ አዳፕተርና የራውተር ቅንብር አብረው ከተለወጡ የትኛው እንዳስተካከለው ወይም እንዳባሰው አይታወቅም።

ኤሌክትሪክ

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ኃይሉ ሲወርድ ራውተር ሳይጠፋ ደጋግሞ ራሱን ሊያስነሣ ይችላል፤ ለተጠቃሚው ግን ችግሩ የኢንተርኔት መቆራረጥ ይመስላል። ይህ በተለይ እንጀራ ሲጋገር ወይም ውኃ ሲፈላ የሚደርስ ከሆነ ጥርጣሬው በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ብዙ ዕቃ በተሸከመው ዲቫይደር ላይ ይሆናል። ራውተሩን ብቻውን በሌላ ሶኬት ሰክቶ ማየት ቀላል ፈተና ነው።

የራውተር አዳፕተር ሲቀየር ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ ቮልቱ እኩል መሆኑ፣ አምፒሩ ከመጀመሪያው አለማነሱ፣ የመሰኪያው አዎንታዊና አሉታዊ ጎን መመሳሰሉ። 12 ቮልት በሚጠይቅ ራውተር ላይ 9 ቮልት አዳፕተር ቢሰካ መብራቶቹ ሊበሩ ይችላሉ፤ ዋይፋዩ ግን ላይነሣ ወይም ሊቆራረጥ ይችላል።

በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ጊዜ የራውተሩን ስፒና ብቻ መንቀል አይበቃም። የመብረቅ ኃይል በስልክ ሽቦም ስለሚገባ ሽቦውም መነቀል አለበት። የፋይበር መስመር መስታወት በመሆኑ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

መስመርና አመልካች መብራቶች

የሞደም አመልካች መብራቶች ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ። በስልክ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት የመስመሩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞደሙ ከውጭ ምልክት እየፈለገ አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሞደሙን ያለ ስልኩ፣ በቀጥታ ወደ ቤት ከሚገባው ሽቦ ጋር ማገናኘት ጥፋቱ ከቤቱ ውስጥ ይሁን ከውጭ ይለያል። ስልክና ሞደም አንድ ሽቦ ሲጋሩ መካከላቸው ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ሊቆረጥ ይችላል። ምልክቱ በሽቦው ርዝመት ስለሚደክም ከስልክ ጣቢያ የራቀ ቤት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ይህንንም ምንም ዓይነት ሞደም አይቀይረውም።

በፋይበር ሞደም ላይ «ሎስ» የተባለው ቀይ መብራት ሲበራ ብርሃኑ ወደ ሞደሙ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ በጠባቡ ከታጠፈ ወይም ጫፉ ከቆሸሸ ይህ ይደርሳል። ጫፉን በዓይን መመልከት አደገኛ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው የሌዘር ብርሃን ለዓይን አይታይም።

አድራሻና ስም

መስመሩ ደኅና ሆኖ ገጾች የማይከፈቱ ከሆነ የኮምፒውተሩ አድራሻ ይታያል። ራውተር ለእያንዳንዱ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላላገኘ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ኬብሉ፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃሉ ወይም ራውተሩ ይመረመራል።

ቀጥሎ «ፒንግ» የተባለው ትእዛዝ በሦስት ደረጃ ይሞከራል፦

1. ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1። መልስ ከሌለ ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው።
2. በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8። ራውተሩ መልሶ ይህ ካልመለሰ ጥፋቱ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው ክፍል ነው።
3. ወደ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ ስም። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት ላይ ችግር አለ። በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ የስም ተርጓሚውን አድራሻ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ቀንና ሰዓት

አንዳንድ ጊዜ ግንኙነቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ብዙ ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ቀን ሊሆን ይችላል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ዲጂታል ምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ኮምፒውተሩም በራሱ ሰዓት ይመዝነዋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚያንስ፣ ኮምፒውተርን በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው ምስክር ወረቀቶቹ ገና ያልጀመሩ ያስመስላቸዋል። ትክክለኛው መንገድ የጎርጎርዮስን ቀን መሙላትና የሰዓት ክልሉን ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት በሚቀድመው ላይ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ይህ ክልል «ናይሮቢ» በሚል ስም ይገኛል።

ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲአር2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ዋጋዋም ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይነጻጸርም።

ዋይፋይና የቤት ግድግዳ

ዋይፋይ በተለይ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ሞገዶች ይሠራል። የመጀመሪያው ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ፈጣን ሆኖ በግድግዳ በቶሎ ይደክማል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ ይመልሱታል። ስለዚህ ራውተርን ከብረት ቁምሳጥን ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ፣ በቤቱ መካከል ማስቀመጥ ያለ ወጪ የሚገኝ መሻሻል ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ጎረቤት አንዱን ከያዘ ሌላውን መምረጥ ይሻላል።

ሌላ ዕቃ የሚያየውን የዋይፋይ ስም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጨርሶ ካላየ፣ ስሙ የሚሰራጨው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ካርዶች ይህን ሞገድ አያውቁትም።

የዕቃዎች ተስማሚነት

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ሞደም ወይም ራውተር በተደጋጋሚ የማይሠራው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው የመስመሩ ዓይነት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤቶች ኢንተርኔት የሚያገኙት በቴሌቪዥን ኬብል ሲሆን፣ ለዚያ የተሠራ ሞደም በስልክ ሽቦም ሆነ በፋይበር አይሠራም። የፋይበር ሞደምም ብዙውን ጊዜ በመለያ ቁጥሩ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ መመዝገብ አለበት። ዋይፋይ ብቻ የሚያከፋፍል ራውተር ግን ከነባሩ ሞደም ጋር በኬብል ተገናኝቶ በየትኛውም አገር ይሠራል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በአዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ በ220 ቮልት ያለ ስጋት ይሰካል፤ «120» ብቻ ከሆነ ግን ይቃጠላል። ሦስተኛው የሞባይል ሞገድ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የሲም ካርድ ራውተሮች በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ በሰፊው የሚያገለግለውን 1800 ሜጋኸርዝ አይቀበሉም። ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቆለፉም አሉ።

በቤት ውስጥ በሚደረግ ማሻሻያም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦

- ዲዲአር3 ራም ዲዲአር4 በሚጠይቅ ሰሌዳ ላይ አይገባም፤ የጥርሱ ክፍተት የተለያየ ነው፤ ቮልቱም 1.5 እና 1.2 ነው። በኃይል መጫን ሰሌዳውን ይሰብራል።
- የኔትወርክ ኬብል 8 ሽቦዎች አሉት። 100 ሜጋቢት 4ቱን ብቻ ሲጠቀም 1000 ሜጋቢት ሁሉንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሽቦ የተቆረጠበት ኬብል እየሠራ ፍጥነቱ ብቻ ሊወርድ ይችላል። የአንድ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።
- የዩኤስቢ ዋይፋይ ዕቃ ድራይቨር የተባለ ሶፍትዌር ይፈልጋል። ድራይቨሩ የሚወርደው ከኢንተርኔት ሲሆን ኮምፒውተሩ ደግሞ ኢንተርኔት የለውም። ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ይህን እንቆቅልሽ ይፈታል።
- ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ክፍሉ ለሌላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ አንዱ አማራጭ ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ የደጋው ቅዝቃዜ በከፊል ያካክሰዋል።  የብዙ ሃርድ ዲስኮች አንባቢ ጫፍ በቀጭን የአየር ንብርብር ላይ ተንሳፍፎ ስለሚሠራ፣ አምራቾች 3048 ሜትር አካባቢ የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በላይ በሆኑ የለጋምቦ ከፍተኛ ቦታዎች ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ የተሻለ ምርጫ ነው።

ከቤት ውጭ ያለ ችግር

ሁሉም ፈተና ቤቱ ደኅና መሆኑን ካሳየ ጥፋቱ ከተጠቃሚው እጅ ውጭ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ማንኛውም የራውተር ቅንብር መፍትሔ አይሆንም። ይህን ሳያጣሩ የራውተሩን የቅንብር መደምሰሻ ቁልፍ መጫን ተጨማሪ ጉዳት ያመጣል፤ አጥፍቶ ማስነሣት ቅንብሩን አይነካም፣ መደምሰሻው ግን በመስመሩ የተመዘገበውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያጠፋል። መስመሩ ሲመለስም ራውተሩ አይገናኝም።

ስለዚህ እነዚህን መረጃዎች አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ ይመከራል። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ ችግር ሲኖር በ994 ሲደወል የአገልግሎቱ ቁጥር፣ ብልሽቱ የጀመረበት ሰዓት፣ የትኞቹ አመልካች መብራቶች እንደሚበሩና ፒንግ እስከ የት እንደደረሰ መንገር ባለሙያው ፍለጋውን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ይረዳል።