ኮርቻ ላይ የሚፈተን ቁምጣ

በሚያዝያ ቀትር በአብደራፊና በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር በማይሞላው በዚህ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ቁምጣ የዘወትር ልብስ ነው፤ ሰሊጥ አጫጁም ባለሱቁም ይለብሰዋል። መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑም ክረምት ገብቶ ጥቁሩ ዋልካ ጎማ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ለብስክሌት ከጎንደር ዳገት እጅግ ይሻላል። ችግሩ የሚመጣው ያው የዘወትር ቁምጣ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው ሲለኩት ልክክ ያለው ልብስ ብዙም ሳይነዱበት ብሽሽት ማቃጠል ይጀምራል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ሱሪም ሆነ ቁምጣ የሚቆረጠው ለሚቆምና ለሚራመድ ሰው ነው። የፊቱ ስፌት፣ የኋላው ስፌትና የሁለቱ እግሮች የውስጥ ስፌቶች ብሽሽት ሥር አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ጨርቁ ተደራርቦ የሚወፍረው እዚያ ነው፤ ብስክሌተኛው የሚቀመጠውም እዚያው ላይ ነው። ጂንስ ከሆነ ስፌቱ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ ገመድ ላይ እንደመቀመጥ ይቆጠራል። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በአንድ ሰዓት 3600 ጊዜ ያዞራል፤ በያንዳንዱ ዙር ጨርቁ ቆዳውን ይፈትገዋል። ላብ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ላቡ ሲደርቅ የሚቀረው ጨው ደግሞ ፍትጊያውን ያባብሰዋል። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላላጣል፣ ካልተጠነቀቁለትም ብጉንጅ ያወጣል።

ተወዳዳሪዎች ይህን ሕመም ጠንቅቀው ያውቁታል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. እነ ገረመው ደንቦባ ሜልቦርን ላይ በብስክሌት ሲወዳደሩ፣ የዘመኑ የውድድር ቁምጣ በአብዛኛው ከሱፍ የሚሠራ ነበር። መቀመጫው ላይ ለስላሳ ቆዳ ይሰፋበታል፤ ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ስለሚከረክር ብስክሌተኞቹ ቅባት እየቀቡ ያለሰልሱት ነበር። የሚለጠጠው የስፓንዴክስ ክር የተፈለሰፈው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ነው። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የውድድር ቁምጣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅና መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለበት ከሆነ ዘመናት ተቆጥረው ነበር።

ለረጅም ውድድር ከዚያ የተሻለ ልብስ የለም። ገበያ ለሚወጣ፣ ለቅሶ ለሚደርስ ወይም ቢሮ ለሚገባ ሰው ግን አይሆንም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ከብስክሌት ሲወርድ እንደማንኛውም ሰው የሚያስመስለው፣ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ደግሞ የማይጎዳው ቁምጣ ነው።

ይህን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ መፈለግ ይቻላል፤ አለካኩ ግን መለወጥ አለበት። በወገብ ቁጥር ብቻ መተማመን አያዋጣም፤ 32 የተባለ ቁምጣ ሁሉ ጭንና መቀመጫው አንድ ዓይነት አይደለም። ገዢው ለብሶት ቁጢጥ ይበል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያንሣ። መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ያጎንብስ። ቁጢጥ ሲል ጭኑን የሚጨመድደው ፔዳል ላይም ይጨመድደዋል። ሲያጎንብስ ጀርባውን የሚያራቁት ከሆነ ደግሞ የኋላው ቁመት አጥሯል ማለት ነው፤ ለብስክሌት የኋላው ወገብ ከፊቱ ከፍ ማለት አለበት። ርዝመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የጉልበቱን ሎሚ የሸፈነ እንደሆነ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ይጎትታል፤ በጣም ያጠረ እንደሆነ ወደ ላይ እየተሰበሰበ የጭኑን ቆዳ ከኮርቻው ጋር ያገናኘዋል። ሰፊ ይሻላል ብሎ የተንዘረፈፈ መግዛትም ትክክል አይደለም፤ ሲወጡና ሲወርዱ የኮርቻው አፍንጫ ይይዘዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ልብስ ሰፊ ዘንድ መሄድ ነው። የልብስ ሰፊዎቻችን እጅ በዚህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል አልተጠቀምንበትም። ሥራው ቀላል ነው፤ አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት ቦታ ተተርትሮ እንደ አልማዝ ቅርጽ የተቆረጠ ጨርቅ ይገባበታል። ያኔ ስፌቶቹ አንድ ነጥብ ላይ መደራረባቸው ቀርቶ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይበተናሉ፤ ኮርቻው ላይ የሚያርፈው ልሙጥ ጨርቅ ይሆናል። እግርም እንደልቡ ይዘረጋል። እግረ መንገዱን የኋላው ወገብ ላይ ላስቲክ ቢገባበት፣ የፊት ኪስም ወደ ጭኑ ጎን ቢዛወር መልካም ነው፤ ብሽሽት አጠገብ ያለ ቁልፍና ስልክ በያንዳንዱ ዙር ይወጋልና።

ጨርቁን በተመለከተ ቆላው ራሱ ይመርጣል። ወፍራም የጥጥ ካኪ ጠንካራ ነው፣ ግን ላብ ይጠጣና ቶሎ አይደርቅም። ፖሊስተር ወይም ናይለን የተቀላቀለበት ስስ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ጥቂት ስፓንዴክስ ካለበትማ በሁለት እጅ ሲስቡት ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የውስጥ ልብስን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ቁምጣው የቱን ያህል ቢስተካከል፣ ከሥሩ የለበሱት ፓንት ብሽሽት ላይ ወፍራም ጠርዝ ካለው ሁሉም ከንቱ ነው። ጠርዙ ወደ ጭን የሚወርደው ዓይነት ይሻላል። ስፖንጅ ያለበት የብስክሌት የውስጥ ቁምጣ ያገኘ ሰው ደግሞ ያለ ፓንት፣ ቆዳው ላይ ይልበሰው፤ ለዚያ ነው የተሠራው። አንዴ የተነዳበት ሳይታጠብ አይደገምም፤ ታጥቦ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቀሚስ ለብሰው ለሚነዱ ሴቶችም ከሥር የሚለበስ እንዲህ ያለ ቁምጣ ጭንን ከመፋተግ ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሕመሙ ካልቀረ ኮርቻው ይታይ። ከመጠን በላይ ከፍ ያለ እንደሆነ ነጂው ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ እንደታጠፈ መቅረት አለበት።

አብደራፊ ላይ ቁምጣ የማይደፍረው ሰዓትም አለ። አካባቢው ካላ አዛር የተባለው በሽታ ያለበት ነው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ታማሚዎችን ያከሙባት ከተማ ናት። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ተሸሽጋ ትውልና ከማምሻው ጀምሮ እስከ ንጋት ትነክሳለች። ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ስለሆነ ማምሻውን ባዶ ባት ይዞ መንዳት አይገባም። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ቁምጣውን ሲያስተካክል ከላይ የሚጠለቅ ስስ ረጅም ሱሪም አብሮ ይስፋ፤ ጫማ ሳይወልቅ እንዲያልፍ እግሩ ሰፋ ያለ፣ ካቴናው እንዳይበላው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ የሚሰበሰብ።