ወንዝ ወሸባ አይገባም

በረት ውስጥ ያለ በሬ ቢታመም ቶሎ ትለዩታላችሁ፤ ሐኪም ትጠራላችሁ። ውቅያኖስ ውስጥ የሚዋኝ ሳልሞን ቢታመምስ? ገና ደከም ሲል ትልቅ ዓሣ ወይም የባሕር ወፍ ይለቅመዋል። በሽተኛውም ሬሳውም አይገኝም። ለዚህ ነው የዱር ዓሣ በሽታ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ከጥርጣሬ የሚጀምረው።

በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2011 በምዕራብ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሶክአይ የሚባሉ 48 ወጣት ሳልሞኖች ተመርምረው በሁለቱ ላይ የሳልሞን ደም ማነስ ቫይረስ ምልክት ተገኘ ተባለ። ቫይረሱ ሰው አይነካም፤ ግን ከ2007 ጀምሮ የቺሊን የሳልሞን እርባታ ያንኮታኮተው እሱ ነው። ድንጋጤውን አስቡት!

ባለሥልጣናቱ ታዲያ በቅድሚያ ምርመራውን ራሱን መረመሩት። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው። የምርመራው ዘዴ ፒሲአር (አዎ፣ በኮሮና ጊዜ አፍንጫችንን ያሳከከን ያው ነው) የሚያገኘው የቫይረሱን ቁርጥራጭ ነው፤ ቁራጩ ከሕያው ቫይረስ ይምጣ ከላብራቶሪ ብክለት አይናገርም። ስለዚህ ምርመራው በሌላ ላብራቶሪ ተደገመ። በኖቬምበር የካናዳ የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲ ቫይረሱ አልተረጋገጠም አለ፤ የናሙናዎቹም ጥራት ደካማ ነበር። ይህ ያልተዋጠላቸው ግን ነበሩ። ክርክሩ የፍሬዘር ወንዝ ሶክአይ ለምን እንደተመናመነ ሲያጣራ የነበረው የዳኛ ኮኸን ኮሚሽን ዘንድ ደረሰና፣ ኮሚሽኑ በዲሴምበር ችሎቱን እንደገና ከፈተ። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ሳልሞኖች ተመረመሩ፤ ቫይረሱ አልተገኘም።

ቫይረሱ የለም ለማለት ስንት ዓሣ መመርመር ይበቃል? ከመቶው አምስቱ የተያዙ ቢሆኑ፣ አንድ ዓሣ ስታወጡ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው። ስልሳ ጊዜ በተከታታይ ጤነኛ ብቻ የማውጣት ዕድል ግን ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስልሳ ዓሣ የተለመደ ልክ የሆነው በዚህ ስሌት ነው። የተያዙት ከመቶ ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን 150 ያህል ያስፈልጋል።

ቫይረሱ መኖሩ ቢረጋገጥስ? ወንዝ አይታጠርም፤ የዱር ሳልሞንም አይከተብም። ባለሥልጣናት የሚቆጣጠሩት የሰውን እጅ ነው፤ የዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት ከቦታ ቦታ እንዳይጓጓዝ ያግዳሉ፣ እርባታዎችን ይፈትሻሉ። አላስካ ውስጥ ሶክአይን የሚያጠቃ ሌላ ቫይረስ ስላለ፣ ማስፈልፈያዎች ዕንቁላሉን በአዮዲን ያጥቡታል፣ ቫይረስ የሌለበት ውኃ ይጠቀማሉ፣ ጫጩቶቹንም በየገንዳው ለያይተው ያሳድጋሉ። አንዱ ገንዳ ከታመመ የዚያን ገንዳ ዓሣ አስወግደው ሌላውን ያተርፋሉ።