የዮሺዋራ ቆነጃጅት በጨረታ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ በተካሄደ ጨረታ፣ ጃፓናዊው ሠዓሊ ኪታጋዋ ኡታማሮ አንዲት ወጣት ሴት ያሳየበት የእንጨት ህትመት 745 ሺህ ዩሮ አወጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በኤዶ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የዚህ ዓይነቱ ወረቀት ዋጋ ከአንድ ሳህን ኑድል ብዙም አይርቅም ነበር።

ንግዱን ያንቀሳቅስ የነበረው ሠዓሊው ሳይሆን አሳታሚው ነው። ገንዘብ የሚያወጣ፣ ሠዓሊውን፣ እንጨት ጠራቢውንና አታሚውን የሚያሠራ እሱ ነው። የኡታማሮ አሳታሚ ጹታያ ጁዛቡሮ ሥራ የጀመረው በዮሺዋራ፣ መንግሥት በፈቀደው የሴተኛ አዳሪዎች ሠፈር በር ላይ፣ የሠፈሩን ማውጫ እየሸጠ ነበር። ሥዕሎቹም ማስታወቂያ ጭምር ነበሩ፤ በብዙዎቹ ላይ የሴቲቱና የቤቷ ስም ይጻፋል፣ ኪሞኖዋ ደግሞ ለጨርቅ ነጋዴው ፋሽን ያስተዋውቃል።

ሥዕሉ የማያሳየው ዕዳውን ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ድሃ ወላጆቻቸው ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብለውባቸው በልጅነታቸው የገቡ፣ ዕዳው ሳያልቅ መውጣት የማይችሉ ነበሩ። የሐር ልብሱና የፀጉር ጌጡ ወጪም መልሶ በእነሱ ላይ ይታሰባል።

ዛሬ አንዱ ሥዕል ከሌላው በዋጋ እጅግ የሚራራቀው ለምንድን ነው? ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ የቼሪ እንጨት ይቀረጻል፤ እንጨቱ ደጋግሞ ሲታተምበት ስለሚያልቅ፣ ቀድሞ የወጣው ወረቀት መስመሩ የሰላ ይሆናል። በኋላ ዘመን በአዲስ እንጨት ተጠርበው የታተሙም ሞልተዋል። ቅጂ ተብለው ከተሸጡ ነውር የለባቸውም፤ በጥንታዊ ስም ሲቀርቡ ግን ገዢው ይከስራል። በማሽን የታተመውን ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ ቀለሙ የጥቃቅን ነጠብጣብ ስብስብ ሆኖ ይታያል። በእጅ በታተመው ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ይነበባል። ጠርዙ የተቆረጠ ከሆነም ዋጋው ይወርዳል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ብርሃን ነው። ከአበባ የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ቶሎ ይጠፋል፤ ሐምራዊውም እንዲሁ። ስፖልዲንግ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1921 ወደ 6,500 የሚሆኑ ህትመቶችን ለቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሰጡ፣ ፈጽሞ ለእይታ እንዳይሰቀሉ በውል አስረዋል። ግድግዳ ላይ ሊሰቅል የሚገዛ ባለሀብት ይህን አስቀድሞ ቢያሰላው ይበጀዋል።